ጉርሻ ይዞ መከራከር

ዛሬ ምሳ ላይ በሚስቴ ጉርሻ ልሞት ነበር።

በምንኖርበት የዐረብ ከተማ ከዑረይጃ ሰፈር ወደ ዐዚዚያ ሰፈር አጭሩ መንገድ የትኛው እንደሆነ ሳስረዳት፣ ዝም ላሰኘው ብላ አጎረሰችኝ። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ እኔ ደግሞ ክርክር አላቋርጥም። ትን አለኝ።

በዚህ ሳምንት ሦስተኛዬ ስለሆነ ነርሷ ልጄ ሰብለ ደነገጠች። «አባዬ፣ ስትሮክ እንዳይሆን! አሁን እፈትንሃለሁ። ፈተናውን ከወደቅክ ሆስፒታል ነው፤ እስከዚያ ምግብ የለም፣ ኸላስ፣ አለቀ!»

መዋጥን የሚመሩት ከአንጎል የሚወጡ አምስት ጥንድ ነርቮች እንደሆኑ ራሴ አንብቤ አውቃለሁ። ቢሆንም ተፈተንኩ።

ጥርሴን ስነክስ መንጋጋዬን ዳሰሰች። ጉንጬን በአየር ነፋሁላት። «አ» ስል በባትሪ አየች፤ እንጥሌ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተነሳ። በማንኪያ ጉሮሮዬን ስትነካ አቅለሸለሸኝ፤ ነርቩ ይሠራል ብላ ደስ አላት።

ምላሴንም አወጣሁ፤ ወደ ጎን አልዞረም። (በዚህ ዕድሜ ለልጅ ምላስ ማውጣት!)

በመጨረሻ ውሃ በትንሽ በትንሹ አጠጥታኝ ድምፄን አዳመጠች። ጥርት ያለ ነው።

«ነርቮችህ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። «ግን ስትናገር የአየር ቧንቧህ ክፍት ነው። አፍህ ውስጥ ምግብ ይዘህ አትከራከር።»

የቀረውን ውሃ እየጠጣሁ «ማን ተከራከረ?» ስል እንደገና ትን አለኝ።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቴ፣ «ነርቭህ ሳይሆን አመልህ ነው የሚመረመረው!»

እናንተስ ትን ያላችሁ በምን ክርክር ነው? መጀመሪያ ዋጡና ጻፉልኝ። አጭሩ መንገድ ግን እኔ ያልኩት ነው።