መስኮቱ የተሸፈነው ቺፕ

ባለፈው ሰሞን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቺፕ ተቃጠለብኝ። የጋለ ሙጫና የተለበለበ ቀንድ የተቀላቀለበት ሽታ ክፍሉን ሞላው። ጋሼ ሸምሱን ያስታወሰኝ ይህ ሽታ ነው።

በደርግ ጊዜ መቱ ውስጥ ከቤታችን ጋር ግድግዳ የሚጋራ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ነበራቸው። አገራቸው ጉራጌ ነው። ባንኮኒያቸው ላይ፣ ከተፈታቱ ሬዲዮኖችና ከአሮጌ ባትሪ ድንጋዮች መካከል፣ ማሽን የሚመራበትን ትእዛዝ ቺፕ ውስጥ የሚጽፍ ግራጫ ሣጥን ተቀምጧል። የዚያን ጊዜ ቺፕ ጀርባው ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለው። የተጻፈበትን ለማጥፋት መስኮቱን ፀሐይ ማስመታት ነው፤ እንዳይጠፋ ሲፈለግ በቁስል ፕላስተር ይሸፈናል። ስለዚህ ጋሼ ሸምሱ እናቴ ቡና በምታሰጣበት ሰሌን ጥግ ቺፖቻቸውን በሳህን ያሰጡ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር አንዱ ጎረቤት "ቦካን ዱፌ!" ብሎ ዝናብ መምጣቱን ይጮሃል፤ ያኔ ቅርብ የተገኘ ሁሉ የማንንም ስጥ ሳይጠየቅ ያነሣል። እናቴም ሳህኑን ከቡናው ጋር ታስገባለች።

"ሸምሱ፣ ያንተ ቡና ዛሬም አልደረቀም?"

"እስኪ ቀምሰው ይንገሩኝ፣ እትዬ ዲንቂቱ።"

አንድ ዓመት ዝናቡ አልወጣ ብሎ የቡና ለቀማው ውስጥ ገባ። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የሁሩሙ ገበሬዎች ማኅበር የቡና ማድረቂያ ማሽን ቆመ፤ እሳቱንና ማራገቢያውን የሚያዘውን ቺፕ እግሮች ዝገት በልቷቸው ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር አሮጌውን ቺፕና ከአዲስ አበባ የተላኩ ሁለት ባዶ ቺፖች ይዞ መጣ። ሥራው ትእዛዙን ከአሮጌው ወደ አዲሱ መገልበጥ ነበር። እግራቸው እኩል ነው፤ መስኮታቸውም ያው። ሣጥኑ ከሚያውቃቸው ዓይነቶች መካከል ግን አዲሱ የለም። ጋሼ ሸምሱ የቅርብ ዘመዱን መረጡና ማብሪያውን ተጫኑ። አረንጓዴው መብራት በራ። ወዲያው ያ ሽታ መጣ።

የተሳሳተ ነገር የተጻፈበት መሰላቸው፤ እንዲጠፋ አሰጡት። ፀሐይ ብልጭ ስትል ሳህኑ ይወጣል፤ ቦካን ዱፌ ይባላል፤ ሳህኑ ይገባል። ሁሩሙ ላይ እርጥቡ ቡና መሻገት ጀመረ። ሊቀመንበሩ ከሻገተው አንድ እፍኝ አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው።

"ጓድ ሸምሱ፣ ሁለተኛው አለ አይደል? ይጻፋ!"

ጋሼ ሸምሱ ሁለተኛውን ሣጥኑ ላይ ሰኩት። ጣታቸው ማብሪያው ላይ ቆየ። ከዚያ ቺፑን መልሰው ነቀሉት።

"ሣጥኑ ይህን አያውቀውም። ሳያውቀው ነው እሺ የሚለው።"

"የገበሬው ቡና እየበሰበሰ? ይሄ አሻጥር ነው! አሻጥር የት እንደሚያስገባ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ፣ ጓድ። ማሽኑን እኔ ሄጄ በእጄ አዘዋለሁ።"

ቴርሞሜትርና ካቻቢቴ ይዘው ሊቀመንበሩ የመጣበት መኪና ላይ ወጡ። ለቀማው እስኪያልቅ ማድረቂያው ሥር ተቀምጠው፣ እሳቱን ራሳቸው እየለኮሱና እያጠፉ፣ ቺፑ የሚሠራውን ሠሩ። የተረፈው ቡና ዳነ አሉ። ሊቀመንበሩ አመሰገናቸው የሚል አለ፤ አስሮ ፈታቸው የሚልም አለ። ሲመለሱ ልብሳቸው ጭስ ጭስ ይል ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ሱቁን ዘግተው አገራቸው ገቡ። ሁለተኛውን ቺፕ ለእናቴ ሰጧት፤ እሷም ቆርቆሮ ውስጥ አኖረችው።

ዛሬ እኔም በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ፤ ያስተማረኝ የለም። ከሣጥኑ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ለአዲሱ ቺፕ በዝቶበት እንደነበር ገብቶኛል። ያልገባኝ ሌላ ነው። ቺፑን ከቆርቆሮው ሳወጣው መስኮቱ በፕላስተር ተሸፍኗል። ባዶ ቺፕ አይሸፈንም። መላ አግኝተው ጽፈውበት ይሆን? ወይስ እጃቸው ለምዶ ነው የሸፈኑት?

ውስጡ የተጻፈ ካለ ማንበብ ፈለግሁ። ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራው አዲሱ መሣሪያዬ ረጅም ዝርዝር አለው፤ ይህን አሮጌ ቺፕ ግን ከውስጡ አጣሁት። የሚቀራረበውን ምረጥ አለኝ። መረጥኩ። ቺፑን ሰካሁት፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ።

ነቀልኩት። የፕላስተሩ ጠርዝ ትንሽ ተነሥቶ ነበር፤ በአውራ ጣቴ ተጭኜ መለስኩት።