አብሮኝ ያልበላው ጓዴ

ትዕዛዙ የደረሰን ምሳ ላይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ዘጠኛችን አንድ ትልቅ ትሪ ከበን እንበላለን። ማቴዎስ እንደ ልማዱ ከእኛ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ብቻውን ኮቾሮ ይቆረጥማል። ኮቾሮ ማለት ጥርስ የሚያወልቅ የወታደር ደረቅ ዳቦ ነው። የጓድ መሪያችን አስር አለቃ ሀብታሙ ከመቶ አዛዡ ዘንድ ተመልሶ መጣና እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወደ ትሪው ሰደደ።

«ብሉ፣ በደንብ ብሉ» አለን። «ዛሬ እንጠጋለን፤ ነገ ሲነጋ ጎባጣውን እንይዛለን።»

ጎባጣው ያልነው ፊት ለፊታችን የነበረውን ኮረብታ ነው። ካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው፤ ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በሰሜኑ የድንበር ጦርነት ጊዜ ነው የማወራችሁ።

እናንተ የሚዛን ልጆች ባገኛችሁኝ ቁጥር የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ አየለ፣ ስንት ሰው ገደልክ?» አላውቅም። በውጊያ መሃል የሚቆጥር የለም፤ ቆጥሬያለሁ የሚላችሁ ካለ ዋሽቷችኋል። ይልቅ ሌላ ልንገራችሁ። ጦርነት በሌለበት፣ ያዘዘው ሳይኖር፣ በገዛ እጁ ሰው ከገደለ ሰው ጋር አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ምሽግ ኖሬያለሁ። ዛሬ ቆሜ የማወራችሁ በእግዚአብሔርና በዚያ ሰው ነው።

የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። በሠፈራችን በእናቴ ድስት የማይበስልበት ቤት አልነበረም፤ እናቴን ግን ከደጃፍ አሳልፎ የሚያስገባት አልነበረም። እኔም ልጅ ሆኜ ከሰው ቤት ውሃ ስለምን እጄን አጣምሬ እዘረጋለሁ፣ ከላይ ያፈሱልኛል። ዕቃቸውን አልነካም። ዛሬ ይህን ስነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ሳቁ፣ ደስ ይለኛል።

ውትድርና ስገባ በመጀመሪያው ቀን ከትሪው ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሀብታሙ አየኝና «ምን ትሽኮረመማለህ፣ ሙሽራ ነህ እንዴ? ና ቁጭ በል!» ብሎ ጎትቶ አስቀመጠኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቀም። አንዱ ከወሎ ነው፣ አንዱ ከሐረር፣ አንዱ ከወለጋ፤ ሁሉም እጃቸውን ከእጄ ጎን ሰደዱ። ቃሪያው አቃጠለኝ ብዬ ዞሬ አለቀስኩ። ሀብታሙን ለዚያች ቀን እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

እንግዲህ አስቡት። አገር ምድሩ ከእኔ ጋር ሲጎርስ፣ የእኔው አገር ሰው፣ የቴፒው ማቴዎስ፣ እኔ የነካሁትን አይነካም። እኔ ዘብ ስቆም ግን መጥቶ ከሌሎቹ ጋር ይበላል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ጉርሻ ዘረጋሁለት። ፊቱ አመድ መሰለ። ዞሮ ሄደ። የመትረየስ ተኳሻችን ከድር «ተወው ባክህ፣ ሆዱን ቆርጦት ይሆናል» አለኝ። የምን ሆድ ቁርጠት! አገሬን አውቃታለሁ። ይሄ ሰውዬ ንቀቱን በሻንጣ ይዞ ነው የመጣው አልኩ። ቂም ያዝኩበት።

ሌላም ቂም ነበረኝ፣ እሱ ግን የቆየ ነው። ከመዝመቴ ሦስት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሜ ታምራት ቡና ለቀማ ቴፒ ሄዶ እዚያው ተገደለ። ገዳዩ ሮጦ አመለጠ ተባልን። ስሙን ነገሩን፤ መልኩን አናውቅም። እናቴ አስከሬኑን በአይሱዙ አምጥታ ቀበረች። ከዚያ ወዲያ እኔ ብቻ ቀረሁላት።

ወደ ጎባጣው ልመለስ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መድፋችን ጀመረ። አሥራ ሁለት ሲሆን ተነሳን። ዳገቱ ዛፍ የለው፣ ጥሻ የለው፤ ድንጋይ ብቻ ነው። እኔ በጫካ ያደግሁት ሰውዬ ምን ላይ እንደምጠለል ግራ ገባኝ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ሁለት ልጆች ወደቁ። አልቆምንም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ምሽግ ውስጥ ገባን። አስር አለቃ ሀብታሙ ምሽጉ አፋፍ ላይ ቆሞ «ግቡ! ግቡ!» ሲል ተመታ። ወደ ውስጥ ወደቀ፤ አልተነሳም።

አራት ሰዓት ላይ መልሰው አጠቁን። ከድር መትረየሱን ይዞ ከፊት ቀረ፤ እዚያው አለፈ። እኔ ጥይት ላቀብለው ስወጣ ጭኔን መታኝ። የመድፍ ጉድጓድ ውስጥ ተንከባለልኩ። የቀሩት ወደ ኋላ ወደ ሁለተኛው መስመር ተሳቡ፤ ትዕዛዝ ነበር፣ አልወቅሳቸውም። አበቃልኝ ብዬ የእናቴን ስም ጠራሁ።

በደረቱ እየተሳበ የመጣው ማቴዎስ ነው።

ቀበቶውን ፈትቶ ከቁስሉ በላይ ጥፍር አድርጎ አሰረኝ። መነሳት አይቻልም፤ ጭንቅላት ካወጣህ ተኳሾቹ አይስቱም። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ከአምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተኛን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የእኔ ኮዳ ተበሳስቶ ባዶ ሆኗል። የእሱ ግማሽ ያህል ነበረው። ክዳኑን ከፍቶ ሰጠኝ። አፌን ገጥሜ ጠጣሁና ግማሹን አስተርፌ መለስኩለት። ያዘው፤ አልጠጣም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ምላሱ አልታዘዝ ብሎታል፤ ግን አልጠጣም።

ደሜ ፈላ። «እዚህም?» አልኩት። «ሞት አፋፍ ላይ ሆነን እንኳ ትጸየፈኛለህ? የሸክላ ሠሪ ልጅ አፍ የነካውን ውሃ ከመጠጣት መሞት ይሻልሃል?»

«አልጸየፍህም» አለ።

«ታዲያ ጠጣ!»

«አልችልም አየለ። ደም አለብኝ።»

እናንተ ይህን ቃል በጨዋታ ነው የምታውቁት። በእኛ አገር ደም ያለበት ሰው ከሟች ዘመድ ጋር በአንድ ዕቃ አይበላም፣ አይጠጣም። ሽማግሌ ተቀምጦ እስኪያስታርቅ ድረስ ሁለቱም ወገን ይጠነቀቃል። ባይታወቅበትም፣ አገር ጥሎ ቢሄድም፣ እሱ ራሱ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ የዚያ አገር ልጅ ነኝ። የማን ደም ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ቢሆንም ጠየቅኩት።

«የታምራት» አለኝ።

ከዚያ እየቆራረጠ ነገረኝ። የቡና ለቀማ ደመወዝ የተከፈለ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ከሌሎች ለቃሚዎች ጋር ቦርዴ ሊጠጡ መጠጥ ቤት ገቡ። ባለቤቷ ለታምራት በሸክላ ዋንጫ ቀዳችለት። ማቴዎስ «ለሸክላ ሠሪ ልጅ በእኛ ዋንጫ ትቀጂለታለሽ?» ብሎ ጮኸ። ታምራት ሳቀ። «ዋንጫውን እኮ የሠራችው እናቴ ናት» አለ። ቤቱ በሙሉ በማቴዎስ ላይ ሳቀ። ማቴዎስ ዋንጫውን ነጥቆ ከመሬት ፈጠፈጠው። ታምራት በጥፊ መታው። ገጀራው ከበሩ ሥር ተደግፎ ነበር።

«ጫካ ገባሁ። ከዚያ ስሜን ቀይሬ ተመዘገብኩ» አለ። «ማሰልጠኛ ላይ የአባትህን ስም ሲጠሩ ሰማሁ፣ አወቅኩህ። ልጥፋ አልኩ። አንዴ ጠፍቼ አይቼዋለሁ፤ አያሳርፍም።» ከዚያ «ክላሽህ አጠገብህ ነው» አለኝ።

አልዋሻችሁም፤ አየሁት። እጄም ሄዷል። ማንም አይጠይቀኝም ነበር፤ በዚያ ኮረብታ ላይ አንድ ሬሳ ቢጨመር ማን ይቆጥረዋል? የወንድሜ ሳቅ ታወሰኝ፤ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ እናቴ መጣችብኝ። ይህን ሰው ከገደልኩት እዚያው ደምቼ እሞታለሁ፣ እሷም ልጅ አልባ ትቀራለች። ይቅር ስላልኩት አይደለም የተውኩት። ነገሩን ሳታሳምሩ ስሙኝ፦ ስለሚያስፈልገኝ ነው የተውኩት።

«ጠጣ» አልኩት። «ጠጣና አውርደኝ። ከዚያ እናቴ ፊት ትቆማለህ።»

«እቆማለሁ። አልጠጣም ግን። ከጠጣሁ ታርቀናል ማለት ነው። አልታረቅንም።»

አሥር ሰዓት ላይ የእኛ መድፍ ጭስ ሲያለብስልን ጀርባው ላይ ጫነኝ። ያን ዳገት ያየ ይፍረድ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ወረደ። ውሃው ወገቡ ላይ ይንቦጫረቃል፤ እሱ ጤዛ እንደሚልስ ከብት ከንፈሩን ይልሳል። ሦስት ጊዜ ወደቀ፣ ሦስት ጊዜ ከሥር ሆኖ እኔን ከድንጋይ አዳነኝ። የሕክምና ድንኳኑ ጋ ሲያደርሰኝ ነርሷ ቀድማ የያዘችው እኔን ሳይሆን እሱን ነው፤ ሟቹ እሱ መስሏት።

ጦርነቱ አብቅቶ በቅነሳ ስንሰናበት አብረን ተነሳን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጅማ ላይ ይጠፋል ብዬ ነበር። ሌላ ስም አለው፣ ወረቀት አለው፣ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ እኔ ደግሞ በክራንች አባርሬ አልደርስበትም። አልጠፋም። ቦንጋ ለምሳ ስንወርድ በሁለት ጠረጴዛ በላን። አስተናጋጇ የተጣላን መስሏት «ጓደኛሞች አይደላችሁ? ታረቁ እንጂ» አለችን። እሱ አቀርቅሮ «ወደዚያው ነን፣ እህቴ» አላት።

ሚዛን መናኸሪያ እንደወረድን የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ፖሊስ ጣቢያው በየት ነው?» አሳየሁት። ሄደ። እኔ ወደ ቤት ሄድኩ።

እናቴ አልቅሳ፣ ስማ፣ እግሬን ዳብሳ ወደ ሸክላ ጭቃዋ ስትመለስ ነገርኳት። እጇን ከጭቃው አላወጣችም።

«ተሸክሞ አወረደህ?»

«አዎ።»

«ስንት ሰዓት ፈጀበት?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«ታምራትንስ ለምን ጥሎት ሮጠ?»

ወንድሜ እኮ ወዲያው አልሞተም ነበር፤ ይህን የነገሩን በኋላ ያነሱት ሰዎች ናቸው። ቶሎ የሚያነሳው ቢኖር ይተርፍ ነበር ይላሉ።

ማቴዎስ ተፈርዶበት አሥር ዓመት ከምናምን ታሰረ። በወር አንድ ጊዜ እጠይቀው ነበር። ምን ቆርጦህ የወንድምህን ገዳይ ትጠይቃለህ ያሉኝ ዘመዶች ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም። አንዳንድ ቀን እኔም ከበር ተመልሻለሁ። እናቴ አንድም ቀን አልሄደችም። ስመለስ ግን ከሸክላዋ ቀና ሳትል «በላ?» ትለኛለች። «በልቷል» እላታለሁ።

የተፈታ ጊዜ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከእሱ ወገን መጡ፣ ከእኛ ወገን መጡ። ሽማግሌ ብዙ ይናገራል፤ ያን ሁሉ አልደግመውም። እናቴ እጇን አነሳችና «አንድ ነገር ልጠይቀው» አለች። ያንኑ ጠየቀችው፤ «ልጄን ለምን ጥለኸው ሮጥክ?»

ያን ዳገት ተሸክሞኝ የወረደ ሰው ከፊቷ ተንበረከከ። «ፈራሁ፣ እማማ» አለ። ሰክሬ ነበር፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነበር አላለም።

«ለአንዱ ልጄ አልቅሻለሁ፣ ለአንዱ አመስግኛለሁ» አለች እናቴ። «ሁለቱም በአንተ እጅ ነው የሆነው። ምን ላድርግህ?» ከዚያ ለሽማግሌዎቹ «ይብቃ» አለቻቸው። በዚያን ቀን ማቴዎስ ከእኛ ጋር በላ፣ ጠጣ። ብዙ አልበላም።

ገዳይ ምን እንደሚመስል ለሚጠይቀኝ ይህን ነው የምመልሰው። ሰው ይመስላል። ያደረገውን አላሳንስም፤ ወንድሜ በዋንጫ ሰበብ ሞቷል፣ ይህ መቼም አይጣፍጥም። ያደረገልኝንም አላሳንስም። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፤ ቴፒ መንገድ ላይ ትንሽ የቡና ማሳ አለኝ፤ እናቴ በእኔ እጅ ታረጃለች። ይህ ሁሉ ከዚያ ዳገት የወረደ ነው። ተመስገን እላለሁ፣ ስለው ደግሞ ያመኛል። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም፤ ትቼዋለሁ።

ከታረቅን በኋላ፣ ጎባጣውን የወጣንበት ቀን ዓመቱ ሲዞር፣ ማቴዎስ ከቴፒ ቤቴ መጣ። ከአሥራ አንዳችን ሰባት ሞተዋል። ከአራታችን ሁለቱ የት እንዳሉ አላውቅም። ሁለታችን ተነስተን ቆምን፤ እናቴ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ሀብታሙ አልኩ። ከድር። ሳሙኤል። ጫላ። ገብሬ። ደስታ። ሙሉጌታ። ነፍሳቸውን ይማር ብዬ ልቀመጥ ስል ማቴዎስ አልተቀመጠም።

«አንድ ይቀራል» አለ። «ታምራት።»

እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችው።

«እንኳን አልረሳኸው» አለችው።