ከፌስታል ያልወጣው ጋቢ

የእናቴ ቁም ሳጥን አልዘጋ ካለ ቆይቷል። አንዱን በር ሲገፉት ሌላው ይከፈታል። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ለፋሲካ በሄድኩ ቁጥር «ዘንድሮስ እናጽዳው» እላታለሁ፤ እሷም «ይደረስበታል» ትለኛለች። በቀደም ግን ሳላስፈቅድ ሁሉንም አውጥቼ አልጋዋ ላይ ከመርኩት።

ምን ያልነበረ አለ! ሽቦው የወጣ ጃንጥላ፣ ጓደኛው የጠፋ ካልሲ፣ ብል የበላው ሹራብ፣ በፌስታል የታጨቀ ሌላ ፌስታል። እኔ የጣልኩትን እናቴ «እሱማ ለመወልወያ ይሆናል» እያለች ታነሳለች።

ከመሃል ሁለት ጋቢ ወጣ። አንዱን የሰጠቻት እዚያው ሰፈር የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ናት። ከመለበሱ ብዛት ሳስቷል፤ ጠርዙም በመርፌ ተይዟል። ሌላው የእኔ ነው። ሸማኔው ዘንድ ተመላልሼ ያሠራሁት፣ ወፍራም፣ እንደ እርጎ የነጣ። በሰጠኋት ቀን እንደታጠፈ ፌስታሉ ውስጥ ተቀምጧል።

ልጆች ሳለን እኅቴ ታማ እናቴ ስታዝላት፣ እኔም ሆዴን አመመኝ ብዬ እተኛ ነበር። ሳድግ ይተወኛል ያልኩት ቅናት አብሮኝ አድጓል።

«የእሷ እስኪበጣጠስ ይለበሳል፣ የእኔ የብል ቀለብ ይሁን? ከዓይን የራቀ ከልብ የራቀ አሉ!» አልኳት።

«ተይ አንች ልጅ፣ እንዲያ አይደለም።»

አልሰማኋትም። ጋቢውን አውጥቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁት። «በይ ዛሬ ትለብሽዋለሽ!»

እናቴ ድንግጥ ብላ በሁለት እጇ ገፈፈችው።

«አንሽልኝ! ገና ነኝ!»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ዘንድ አንዳንድ ሽማግሌዎች ሲሞቱ የሚገነዙበትን ልብስ ቀድመው ያስቀምጣሉ። ብዙዎቹ አቡጀዲ ይበቃቸዋል፤ እናቴ የእኔን ጋቢ መርጣለች።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። የእኅቴ ጋቢ ገበያ ይውላል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ብርድ ሲሆን እናቴን አቅፎ ያድራል። የእኔ ጋቢ ተራው ሲደርስ እናቴ ሙቀቱን አታውቀውም።

«ለዚያ ሌላ አሠራልሻለሁ። ይህንን ልበሽው፣ በሞቴ» ብዬ ለመንኳት።

እናቴ ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ አጠፈችው።

«ቀብር ሰው አይጠብቅም» አለችኝ። «እኅትሽ አጠገቤ ናት። አንች ባትደርሽልኝ ጋቢሽ ይሸኘኛል ብየ ነው።»

በእኅቴ የዚያን ቀን ያህል ቀንቼ አላውቅም።