የበሰቃው አውቶቡስ ባለቤቶች

ሥራ የጀመርኩ ቀን የመጀመሪያው ተሳፋሪዬ አልከፍልም አለኝ።

ጎህ ሊቀድ ነው። አውቶቡሳችን በሰቃ ካለው ጋራዥ ወጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ ቆሟል። የሌሊት ፈረቃ ያደሩት ሴቶች ፀጉራቸው ላይ ጥጥ እንደተጣበቀ እየተጋፉ ይገባሉ። እኔ የትኬት ጥራዜን በእጄ ይዤ፣ የሳንቲም ቦርሳዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከኋላው በር አጠገብ ቆሜያለሁ። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ የፋብሪካ ዘበኛ ከሁሉ ቀድሞ ዘው አለ።

«ትኬት፣ ጋሼ» አልኩት።

«የምን ትኬት? ባለአክሲዮን ነኝ እኮ! በገዛ መኪናዬ ልከፍል?»

ሾፌራችን ጋሽ ቶሎሳ በመስታወቱ ያዩን ነበርና ዞር አሉ። «ጌታው፣ የእርስዎ ድርሻ የኋላ ጎማው ላይ ያለችው ብሎን ናት። እሷ ላይ ከተቀመጡልን በነፃ እናደርስዎታለን» አሉት። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ዘበኛውም እየሳቀ ከፈለኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ የሚለኝ ሰው አላጣሁም። አክሲዮን የሚባለው ነገር ያኔ ለአቃቂ አዲስ ነበር። ደርግ ወድቆ በግል ማኅበር ማቋቋም በተፈቀደበት ሰሞን፣ የአውቶቡስ ድርጅታችን መሥራቾች በየእድሩ እየዞሩ ድርሻ ሸጡ። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የበሰቃ ባለሱቁ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው ገዛ። እትዬ ወርቄ የሚባሉ ጎረቤቴ ባላቸው ባቡር ላይ ሠርተው ሲሞቱ ያገኙትን ገንዘብ አስገቡ። ጋሽ ቶሎሳ አባታቸው ካወረሷቸው በሬዎች አንዱን ሸጠው ገቡ። እኔም ከደሞዜ እያስቆረጥኩ ጥቂት ገዛሁ።

መሥራቾቹ የሰጡን ተስፋ ሁለት ነበር። በሦስቱም ፈረቃ አውቶቡስ ይኖራል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ድርጅቱ ለቀስተኛውን ቀብር ያደርሳል፣ እድሩ የነዳጁን ብቻ ይከፍላል። «በዓመት ስንት ይተርፈኛል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ሰዉ ሁሉ የጠየቀው «ቀብር ትወስዱናላችሁ?» ብሎ ነው። ቃላቸውን ደግሞ ለጥቂት ዓመታት ጠበቁ፤ ሐሰት አልናገርም።

ሥራው ጠዋትና ማታ የሚበላ፣ ቀን ቀን የሚጾም ሥራ ነበር። ጎህ ሲቀድና ፈረቃ ሲለወጥ መቆሚያ የለም፤ እኩለ ቀን ላይ እኔና ጋሽ ቶሎሳ ብቻችንን ባዶ ወንበር ይዘን እንዞራለን። ባቡሩ ያረፈደ ቀን ግን ፋሲካችን ነው። ጣቢያው ላይ ሲጠብቅ የሰለቸው መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ እኛ ይመጣል። ያን ቀን ጋሽ ቶሎሳ ወደ ሐዲዱ እያዩ «ተኛ የኔ ጌታ፣ ደህና እደር» ይሉታል ባቡሩን።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ከሥራ አስኪያጃችን ከአቶ ፍሬው ጋር ተሳፈረ። አቶ ፍሬው «ባለሀብት ናቸው፣ ድርጅታችንን ሊያሳድጉት ነው» ብሎ አስተዋወቀኝ።

ሰውዬው ባዶውን ወንበር ሁሉ ቃኘና፣ «እኅቴ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለኝ።

«ጎህ ሲቀድ ይምጡ፣ ጌታዬ። መቆሚያ ካገኙ እኔን ይውቀሱኝ።»

«እሱንም አይቻለሁ። ተጨናንቆ የሚሄደው ሰው የሚከፍለው ለሦስት ፌርማታ ነው። ናዝሬት የሚሄድ አንድ መንገደኛ የእነዚህን ስንቱን ያህል ይከፍላል! ባቡሩ እየደከመ ነው። ዛሬ ባቡር የሚጠብቀው ነገ አውቶቡስ ይፈልጋል። ናዝሬት መንገድ ላይ ቀድሞ የተገኘ ይበላል።»

«የፋብሪካው ሴቶችስ?»

«እነሱማ እግር አላቸው» አለና ሳቀ። አቶ ፍሬውም ተከትሎ ሳቀ። እኔ ጥራዜን አገላበጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ የባለድርሻዎች ስብሰባ በቀበሌው አዳራሽ ተጠራ። አቶ ፍሬው ሐሳቡን አቀረበ። ባለሀብቱ ብዙ ድርሻ ይገዛሉ፣ አዳዲስ መኪና ይገባል፣ አውቶቡሶቹ በሙሉ ወደ ናዝሬት መስመር ይዞራሉ። የበሰቃው መስመር ይዘጋል።

የእድራችን ዳኛ አቶ መንገሻ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበሩ። «ትርፍ አልጠላም። ከጠላሁ ምን አስገባኝ?» አሉ። «ነገር ግን ሌሊት ሥራ ላይ አድራ የምትመጣ ልጄን ጅብ አስበልቼ የሚመጣ ትርፍ ይቅርብኝ። ናዝሬት የሚሄድ መኪና የፈለገ ሰው የራሱን ገዝቶ ይሂድ። ይህችን ተዉልን!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ድምፅ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያኔ ያበቃ ነበር። አቶ ፍሬው ግን የተገኘው ድርሻ ከግማሽ በታች ነው፣ ብዙዎቹ ፈረቃ ላይ ናቸው አለና ስብሰባውን ለሌላ እሑድ ቀጠረው። «በሁለተኛው ጥሪ የተገኘው ሰው ይበቃል» ብሎ ሲጨርስ ሰዉ እያወራ እየወጣ ነበር። የሰማው ጥቂት ነው።

በዚያ እሑድ ዋዜማ አቶ መንገሻ በድንገት ዐረፉ። ልባቸው ነው አሉ።

ሲነጋ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በየሰፈሩ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ስብሰባው እንዲተላለፍ ለመለመን አቶ ፍሬው ዘንድ ሊሄዱ ሲሉ እሱ ራሱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ቤት መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ዐይኑን በመሐረብ ጠረገ።

«ያለ እናንተ ምን ስብሰባ አለ?» አላቸው። «ይተላለፋል። አባታችንን በክብር ቅበሩ። ሁለት አውቶቡስ አዝዣለሁ፤ ነዳጁም በእኛ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው መረቁት። እትዬ ወርቄ ጉልበቱን ሊስሙ ሲያጎነብሱ «ኧረ በስመ አብ፣ እማማ!» ብሎ ያዛቸው። በዐይኔ አይቻለሁ።

የፊተኛው አውቶቡስ ላይ እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ትኬት የለም፤ ሥራዬ ሽማግሌ መደገፍ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ የፊት መብራቱን አብርተው በዝግታ ነዱ። ከኋላ ወንበር እስከ ፊት ባለድርሻ ነው። ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ አየኋቸውና እውነትም ይህ መኪና የእነዚህ ሰዎች ነው አልኩ በልቤ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስንደርስ የእድሩ ጸሐፊ ስም ጠራ። ቀብር የቀረ ይቀጣልና ከአንድ ሰው በቀር የቀረ አልነበረም።

ተመልሰን ጋራዡ በር ላይ ስንደርስ ያ ዘበኛ፣ በገዛ መኪናዬ አልከፍልም ያለኝ፣ ወደ እኛ እየሮጠ መጣ። ያን ዕለት ተረኛ ሆኖ ከቀብር የቀረ እሱ ብቻ ነበር። እያለከለከ «ስብሰባውን አደረጉት! ድርሻ ያላቸው የባለሀብቱ ወዳጆችና ከመሀል ከተማ የመጡት ባለድርሻዎች ድምፅ ሰጥተው፣ አጨብጭበው ወጡ። መስመሩ ተዘጋ» አለን።

ከነነጠላችን ወደ አቶ ፍሬው ቢሮ ሄድን። በሩን የከፈቱት እትዬ ወርቄ ናቸው።

«ይተላለፋል አላልክም ወይ?»

«እኔማ አስቤ ነበር፣ እማማ። ተሰብሳቢው ይቀጥል አለ። ሕጉም ይፈቅዳል።»

«ሕጉን ጠዋት አታውቀውም ነበር?»

እኔም ጣልቃ ገባሁ። «አቶ ፍሬው፣ ለቀብሩ ስንት ሊትር ነዳጅ ሄደ? ሰፈሩን ሁሉ በስንት ሊትር እንደገዛችሁት ልወቀው» አልኩት።

«አስካለ፣ አንቺ ሠራተኛ ነሽ። አፍሽን ሰብስቢ።»

«ባለድርሻም ነኝ! ጠዋት ድንኳን ውስጥ ያለቀስከው ለአቶ መንገሻ መስሎኝ ነበር። ለካ እኛን ነው ቀድመህ ያለቀስከን!»

ጋሽ ቶሎሳ የአውቶቡሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ዳግመኛም መሪ አልያዙም።

አቤቱታ ይዘን አንድ የሕግ ሰው ዘንድ ሄድን። «ተጠርታችሁ ነበር?» አለን። አዎ አልን። «ተገኝታችኋል?» ቀብር ላይ ነበርን አልን። «በእናንተ ፈንታ ድምፅ እንዲሰጥ ለማንም ውክልና ሰጥታችኋል?» እንኳን ልንሰጥ፣ መስጠት እንደሚቻል ያሰበ በመካከላችን አልነበረም። «እንግዲያው ቀርታችኋል» አለና መነጽሩን አወለቀ።

እኔ ሁለት ልጆች ነበሩኝና ናዝሬት መስመር ላይ ትኬት መቁረጤን ቀጠልኩ። ባለሀብቱ ስለ ንግዱ የተናገረው ልክ ነበር። ባቡሩ እየተቆራረጠ ሄደ፤ መንገደኛው ጆንያውንና ዶሮውን ይዞ ወደ እኛ መጣ። ጣሪያው ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላው ተጭኖ አይጠግብም ነበር። ትርፍም ተከፋፈለ። ሰው ትርፍ ፈለገ ብዬ አልቆጣም። በለቅሶአችን መግባታቸው ግን ዛሬም ስጽፈው ያንገበግበኛል። የፋብሪካው ሴቶች በአቃቂ ወንዝ ዳር ዱላ ይዘው በቡድን መሄድ ጀመሩ። ጥቂቶቹ ሥራውን ተዉት።

የመጀመሪያው ትርፍ የተከፈለ ቀን እትዬ ወርቄን ቃሊቲ ያለው የድርጅቱ አዲስ ቢሮ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሻሉ።

«ምነው እትዬ፣ ታመው ነው?»

«ምን ልታመም! ድሮ ምንም ሳይተርፈኝ በመኪና እሄድ ነበር። ይኸው ዛሬ ሀብታም ሆኜ፣ ከበሰቃ በእግሬ መጣሁ» አሉኝ።

አሁን ከገላን ኮንዶሚኒየምም ከኮዬ ፈጬም የሚመጡ ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተን አውቶቡስ ብንገዛ ያዋጣል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ያዋጣል እላቸዋለሁ፤ ማለዳ ፌርማታው ላይ የተሰለፈውን ሰው ሄዳችሁ እዩት። የምትፈልጉትን መስመር ግን በቃል አትመኑ፤ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አስጽፉት። ስብሰባ መቅረት ግድ ከሆነባችሁም ለምታምኑት ሰው ውክልና ሰጥታችሁ ቅሩ።