ስማቸው ላይ የተሰመረው መስመር

ዓለም ባንክ ሰፈር ካለችው የኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ፣ ቤቴል ላለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ድረ ገጽ እሠራለሁ። ርእሰ መምህርቷ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። በምዝገባው ሰሞን አንድ ጠዋት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የነባር ተማሪዎቹን ስም ማነው የሰረዘው?»

ገጹን ስከፍተው ወደሚቀጥለው ክፍል የተዛወሩት ተማሪዎች ስም በሙሉ መሃል ለመሃል መስመር ተሰምሮበታል። የአዲሶቹ ስም ንጹሕ ነው። ላየው ሰው ነባሮቹ የተባረሩ ይመስላል።

«እኔ አልነካሁትም» አልኳቸው።

«ግቢው በወላጅ ተሞልቷል። ቶሎ በይ እባክሽ።»

አንዱ ስም ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ ኢንስፔክት የሚለውን ከፈትኩ። እዚያ እያንዳንዱ ጽሑፍ ቀለሙንና መልኩን ከየትኛው ትእዛዝ እንዳገኘ ይታያል። መስመር አስምር የሚል ትእዛዝ ግን የለም። እንዲያውም ስሙ ላይ ምንም መስመር የለም ይለኛል፤ ዓይኔ እያየው። «መስመር አይኑር» የሚል ትእዛዝ ራሴ ጨመርኩበት። ንቅንቅ አላለም። በስልኬ ከፈትኩት፣ ያው ነው። እሳቸው ደጋግመው ይደውላሉ፣ የምላቸው ስለሌለኝ አላነሳም። ስምንት ዓመት የሠራሁበትን ሙያ ጭራሽ የማላውቀው መሰለኝና እንባዬ መጣ።

ሰባት ሰዓት ገደማ ስሙን ትቼ፣ ስሙን የያዘውን ክፍል፣ ከዚያም ያንን የያዘውን ወደ ላይ እያልኩ ማየት ጀመርኩ። የነባሮቹን ዝርዝር በሙሉ ያቀፈው ሳጥን ላይ ስደርስ አገኘሁት። ስሞቹን ገጹ ላይ ያስገባችው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነባር ለማለት በእንግሊዝኛ «ኦልድ» የሚል መለያ ሰጥታዋለች። እኔ ደግሞ ካቻምና፣ ጊዜው ያለፈበት ማስታወቂያ እንዲሰረዝ ብዬ፣ «ኦልድ» የተባለ ሁሉ ይሰመርበት የሚል ትእዛዝ ጽፌ ረስቼዋለሁ። መስመሩ የሳጥኑ ነበር፤ ውስጡ ያሉትን ስሞች ሁሉ ይዞ የሚያልፈው እሱ ነው። መለያውን ስቀይረው ወዲያው ጠፋ።

ደወልኩላቸው። መስተካከሉን ነገርኳቸው።

«አንድ አባት ልጃቸውን በር ላይ በጥፊ መቷት» አሉኝ። «ምን አድርገሽ ነው የተባረርሽው እያሉ። ምንም ብትላቸው አላመኗትም። ጎበዝ ልጅ እኮ ናት።»

ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ቢሮ ተቀምጣለች፣ አንድ ጉንጯ አብጧል። አባቷ አንገታቸውን ደፍተዋል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው፤ እንዴት እንደተፈጠረ ማስረዳት ስጀምር አቋረጡኝ።

«ተይው ልጄ። የመታት የኔ እጅ ነው።»

ልጅቷ ወደ አባቷ ሳትዞር ርእሰ መምህርቷን፣ «ሌላ ትምህርት ቤት ልግባ» አለቻቸው።

መስከረም ላይ እንደለቀቀች ሰማሁ። ርእሰ መምህርቷ አንድም ቀን አልወቀሱኝም፣ ሥራውንም አልነጠቁኝም። ቢነጥቁኝ ይሻለኝ ነበር።