ለእኛ ሲባል ከእኛ የታጠረው ዋርካ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የመኸር ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ምንጮቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው የራሴ ትውስታ ነው፤ በዕድሜዬ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ሁለተኛው ጎረቤቴ ሰይድ ነው፤ እሱ ደግሞ ጨዋታ ማሳመር ይወዳል። ስለዚህ የተስማማንበትን ብቻ እጽፋለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በምኖርባት የአምባሰል መንደር፣ የተጣላ የሚታረቅበት ዕድሜ ጠገብ ዋርካ አለ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከጥላው ውጭ የተደረገን ዕርቅ እንደ ዕርቅ አይቆጥረውም። ይህን የሰሙ የቅርስ ባለሙያዎች ሐይቅ ከተማ ጠርተውን የቅርሱ ባለቤቶች እኛው መሆናችንን በሰፊው አስረዱን። ባለቤትነታችንን በጭብጨባ ተቀበልን። ብዙም ሳይቆይ ዋርካው ዙሪያውን በሽቦ ታጠረ፤ በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ፤ «የማኅበረሰቡ ሀብት ነው፤ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳም ቆመ።

በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው ደም የተፋሰሱ ሁለት ቤተሰቦች ነበሩ። አበጋር የምንላቸው አስታራቂ አባት፣ ሼህ ይማም፣ በቀሉ እንዲቆይ ከተጎጂው ወገን ለምነው ያገኙት ፋታ ለዕርቁ በተቀጠረው ዕለት ጀንበር ስትጠልቅ ያበቃል። እኩለ ቀን ላይ ሁላችንም ከአጥሩ ውጭ ቆመናል።

ከባለሙያዎቹ ደሴ ላለው ለአንዱ ደወልሁ፤ ሁሉም እንዲሰማም የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግሁት።

«ጋሼ፣ የታጠረውኮ ለእናንተው ሲባል ነው» አለኝ በትሕትና።

«እንግዲያው ለእኛው ሲባል ይከፈትልና!» አለ ሰይድ።

«ኮሚቴው መወሰን አለበት።»

«ኮሚቴው እነማን ናቸው?» አልሁ።

«እርስዎም ያሉበት ይመስለኛል። ስብሰባውን የምንጠራው ግን እኛ ነን።»

የተጎጂው ወንድሞች ይህን ሲሰሙ ዱላቸውን አንሥተው ለመሄድ ተነሡ። እናታቸው እትዬ ዘሀራ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«ቆይ እስቲ፣ ጥላውንም አጥረውታል እንዴ?»

ሼህ ይማም ቀና ብለው ፀሐይዋን ተመለከቱ። «አልሐምዱሊላህ! እሱን ረስተውልናል» አሉና መሬት ላይ ተቀመጡ።

እኛም ተቀመጥን። ከሰዓት በኋላ ጥላው የማንንም ኮሚቴ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሽቦውን ተሻግሮ እግራችን ሥር ደረሰ። የሁለቱ ቤተሰቦች አባቶች እዚያው ተቃቀፉ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሳችንም ባረኩ።

በሰሌዳው አጠገብ ሳልፍ ዛሬም እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን ቁጣ አያጣውም። ሰይድ ሰሞኑን እንደነገረኝ ከሆነ፣ ጓጉንቸሩ በዚያን ዕለት ተንጠልጥሎ ነበር እንጂ አልተቆለፈም። ይህን ማረጋገጥ አልቻልሁም። ከባለቤቶቹ አንዳችንም እጃችንን ሰድደን አልሞከርነውማ።