የአንድ ክንድ ገመድ

ቲያትር ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሰው «ባለገመዷ» ይላታል። እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ፤ ክፍሌ ከመድረኩ ጀርባ ስለሆነ የሷን ጉድ ከኔ ቀድሞ የሚሰማ የለም።

በወጣትነቷ እሷ ራሷ በገመድ ታስራ ስትበር፣ ሰይፍ ስትመክት የኖረች ናት። ባሏ «ወይ እኔን ወይ ገመዱን» ሲላት እሱን መረጠች። እሱ ደግሞ ውሎ አድሮ ሌላ መረጠ። ወደ ቲያትር ቤቱ ስትመለስ ጉልበቷ አልታዘዝ ስላላት፣ ሌሎች ሲበሩ ገመድ መያዝ ሥራዋ ሆነ። «ምነው ያኔ እምቢ ባልኩ» ትለኛለች፣ በሳምንት ሦስቴ። አራተኛውን እኔው እልላታለሁ።

አንዲት ልጇም የእናቷን እግር ተከትላ ገባች። ዘንድሮ የደረሳት የሰይፈኛዋ ሴት ሚና ነው። በተውኔቱ ሰይፈኛዋን ላልወደደችው የጦር አለቃ ሊድሯት ሲሉ ከማማ ላይ ትዘላለች፣ ነፋስም ተሸክሞ ያወርዳታል። ነፋሱ እንግዲህ እናቷ ናት። ገመዱን ወፍራም ቋሚ እንጨት ላይ ጠምጥማ ትለቀዋለች፤ ቀይ ክር የተሰፋበት ቦታ ሲደርስ ጥርቅም አድርጋ ትይዘዋለች። ያን ጊዜ ልጅቷ መብራት ከሚሰቀልበት አግዳሚ ብረት ስር ሾልካ ከፍራሹ በላይ ትቆማለች።

ከልምምዱ በፊት ባለገመዷ ክፍሌ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። መርፌና ቀይ ክር ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። ለምን ብዬ አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል። ለካ ልጅቷ ወለሉን እንዳትመታ ሰግታ፣ ምልክቱን በአንድ ክንድ ልታሳጥረው ኖሯል።

ልጅቷ ዘለለች። ገመዱ ቀድሞ ቆመ። ከብረቱ ስር ማለፍ ሲገባት ከብረቱ ጋር ተላተመች። ድምፁን ክፍሌ ሆኜ ሰማሁት፤ መቀሱን ጥዬ ሮጥኩ። የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል።

የተውኔቱ አዘጋጅ «ጥፋቱ የአዘላለሏ ነው፤ ስትድን ምድር ላይ የምትሠራው ነገር እንፈልግላታለን» አለ። ልጅቷም የገዛ እግሯን መጠራጠር ጀመረች። ባለገመዷ ዝም። ዝም ካለች ልጇ ዳግመኛ አትበርም፣ ዳግመኛም አትሰበርም። ከተናገረች ሥራዋንም ልጇንም ልታጣ ነው። አራት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔም ጠርጥሬ ፈርቼ ነበር፤ መርፌዋ የኔ ናት።

በአምስተኛው ቀን ልጅቷ ትከሻዋ እንደታሰረ መጥታ የሰይፈኛዋን ልብስ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«እትዬ፣ ለሌላ ሴት አጥብቢው። እኔ አልችልበትም ለካ።»

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ትችይበታለሽ» አለች። «ምልክቱን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው ልጄ። ስለምወድሽ ነው።»

ልጅቷ «አባዬም ያኔ እንደሱ ብሎሽ ይሆናል» አለቻት።

ባለገመዷ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የት ልግባ እኔ?

ለአዘጋጁም ራሷ ሄዳ ነገረችው፤ ከገመዱ አነሳት። ከሦስት ወር በኋላ ልጅቷ ስትመለስ ግን «እናቴ ካልያዘች አልዘልም፤ ምልክቱን የምሰፋው ግን እኔ ነኝ» ብላ ድርቅ አለች፤ አዘጋጁም እሺ አለ። ክሩን እኔ ፊት ለክታ ሰፋችው። ከድሮውም በአንድ ስንዝር አስረዝማዋለች። እናቷ አየች። ገመዱን ተቀብላ ቋሚው እንጨት ላይ ጠመጠመችው።

«እማ፣ ይዘሻል?» አለች ልጅቷ ከማማው ላይ።

«ይዣለሁ።»

ገመዱ መዳፏን እየፈጀ ሮጠ። የድሮው ምልክት የነበረበት ቦታ ሲደርስ አልያዘችውም፤ እንዲያልፍ ለቀቀችው። የያዘችው ልጇ የሰፋችው ክር ሲደርስ ነው።